ወገቡ የሰፋው የፀደይ ቀሚስ

ሰኞ

ይኸው ተጀመረ። ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት መሃል ላይ ቆሞ፣ «ዘንድሮ ፀደይን የምንቀበለው በጣቃ ጨርቅ ሳይሆን በተሰፋ ቀሚስ ነው» አለን። የምንሰማው እኔ፣ ሚስቱና ቆራጩ ብቻ ነን፤ አነጋገሩ ግን አደባባይ ሙሉ ሕዝብ የሰበሰበ ይመስላል። አባታችን ይህን ሱቅ ካቆመ ጀምሮ የሴት ልብስ ጨርቅ በሜትር ቆርጠን ነው የምንሸጠው። ገዢዋ ጨርቋን ይዛ ወደ ሰፊዋ ትሄዳለች፤ ካማረባት ጨርቁ ይመሰገናል፣ ከተበላሸ ሰፊዋ ትረገማለች። ለእኛ የተመቸ ኑሮ ነበር። እሱ ግን «የዛሬ ሴት ጊዜ የላትም፤ ገብታ፣ ሞክራ፣ ለብሳ መውጣት ነው የምትፈልገው» ይላል። አንዴ ካለ አለ ነው። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

«ልኩንስ ከየት ታመጣዋለህ?» አልኩት።

በአገጩ ወደ ሚስቱ ጠቆመኝ። «ልካችንማ ይችውና።»

በዚህስ አልተሳሳተም። ሙሽራ እንላታለን፤ ካገባት ስንት ዓመቱ፣ በእኛ ቤት ግን ስሟ ሙሽራ እንደሆነ ቀረ። ሰውነቷ ራሱ መካከለኛ ቁጥር ነው። ትከሻዋ ከደረቷ፣ ደረቷ ከወገቧ አይጣላም። እሷ ላይ ልክ የመጣ ልብስ ከዚህ መንገድ ሴት ግማሹ ላይ ልክ ይመጣል። ስለዚህ ሥራው እንዲህ ሊሆን ነው፤ ጨርቁን እሷ ላይ እናለብሳለን፣ እኔ በስፒል እይዛለሁ፣ ቆራጩ ከዚያ ላይ ልኩን በወረቀት ያወጣል፣ በወረቀቱ ጣቃው ይቆረጣል። ሜትር አያስፈልግም፣ የእኔ ዓይን አለ። በዚህ መንገድ እንደ እኔ ዓይን ያላት ሴት የለችም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ፊት ለፊታችን ቁልፍና ክር የምትሸጠው ባለ ቁልፏ ናት የምትለው። እሷ ደግሞ ሰው ማመስገን አይሆንላትም።

ዓርብ

የመጀመሪያው ቀሚስ ወጣ። ቢጫ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ወገቡ ላይ ያዝ የሚያደርግ፣ ከዚያ በታች የሚፈስ። ሙሽራ ላይ የተሰፋ ሳይሆን የበቀለ ነው የመሰለው። ቆራጩ ጋሼ መቀስ እንኳ ወረቀታቸውን እያጠፉ «ይሄ ይሄዳል» አሉ። ጋሼ መቀስ ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ አሉ፤ ቃል በዱቤ የሚገዙ ይመስል የሚናገሩት በጭንቅ ነው። እሳቸው ይሄዳል ካሉ ይሄዳል።

ሙሽራ ግን ፊቷ ልክ አይደለም። ልብሱን አውልቃ እንደጨረሰች ከመጋረጃው ጀርባ ደረቅ ዳቦ ስትቆረጥም አገኘኋት። «በዚህ ሰዓት?» አልኳት። «ጨጓራዬ ነው እትዬ።» ይቺ ጨጓራ ደግሞ ሥራ ሲበዛ ብቻ ነው የምትነሳው።

ማክሰኞ

ሁለተኛው፣ አረንጓዴው። ቀኑ በጭቅጭቅ አለቀ። ስፒሉን ወገቧ ላይ ልሰካ ስል፣ «እትዬ፣ ትንሽ ያላሉልኝ፣ መተንፈስ አቃተኝ።» አላላሁ። ጥቂት ቆይታ እንደገና። እንደገና አላላሁ።

«ለሴት ነው የምንሰፋው ወይስ ለድንኳን?» አልኳት።

ዝም። እንደሱ ስትል ነው ደሜ የሚፈላው። ብትመልስልኝ ይወጣልኝ ነበር። ጋሼ መቀስ ጠመኔያቸውን አስቀመጡና፣ «በሜትር እንለካው» አሉ። ስንት ዓመት አብረን ሠርተን ዛሬ በእኔ ዓይን ላይ ሜትር ሊያመጡብኝ! «ሜትር ለሚጠራጠር ነው» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወረቀቱን አወጡ።

ሙሽራ ድሮም ዝምተኛ ናት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ለእኔ ያላት ቃል «እሺ እትዬ»፣ «አዎ እትዬ» ብቻ ሆኗል። ምን እንዳደረግኳት አላውቅም። ባለፈው ዓመት ፀነሰች። ያ ሁሉ ዓመት የተጠበቀ ልጅ ነው፣ ደስ አለኝ፣ ተናገርኩ። ነጭ ፍላኔል ቆርጬ ትንንሽ ሸሚዞች ሰፋሁና የሱቁ መስኮት ላይ ሰቀልኳቸው። የመንገዱ ሰው ሁሉ እየገባ እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። አራተኛው ወር ላይ ወረደባት። ያው የመንገዱ ሰው ደግሞ እየገባ አይዞሽ አላት፤ ያልሰሙት «ስንተኛ ወርሽ ገባ?» እያሉ ሆዷን ሲያዩ ከረሙ። እና ጽንሱን ያወረድኩት እኔ ነኝ? ደስታ ነው እኮ የተናገርኩት። ሰው ደስታውን ካልተናገረ ምን ሊያደርገው ነው።

ሐሙስ

ሰማያዊው ጣቃ መጣ። ግማሹ ቀለሙ ሌላ። መለስኩት። አቅራቢው ተሳደበ፣ ተሳደብኩ፣ በመጨረሻ ለወጠው። ጉልበቴ አብጧል። ምሳ አልበላሁም። ሦስተኛው ቀሚስ ነገ።

ቅዳሜ

ሦስተኛውም ሆነ። እሱ ላይም «ያላሉልኝ» አልቀረም። አሁን ሳትጠይቀኝም አስቀድሜ እያላላሁ ነው፣ ጭቅጭቁ ሰለቸኝ። እጇን እንደ ተቀጣ ተማሪ ግራና ቀኝ ዘርግታ ጣሪያ ታያለች። ላቧ ይወርዳል። «ቀጥ በይ» አልኳት፣ ቀጥ አለች። ቀሚሱ ያምራል፣ ያንን ማንም አይክደኝም።

እሑድ

ይህን ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

እነሱ ፎቁ ላይ ነው የሚኖሩት፣ እኔ ታች ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል። ዛሬ ሱቅ ዝግ ነው፤ ጋሼ መቀስ ግን ለነገ የሚቆረጠውን ሊያስተካክሉ መጥተዋል። ሻይ ይዤላቸው ስገባ ወንድሜ ከእሳቸው ጋር ሲያወራ ሰማሁት። ግድግዳ አልተጠጋሁም፣ በር ሥር አላደባሁም፤ በገዛ ቤቴ በእግሬ ስሄድ ነው የሰማሁት።

«ቀኑን ሙሉ መቆም አትችልም» ይላል። «ፀደዩ ከማለቁ በፊት አንድ ወጣት ሻጭ መፈለግ አለብኝ። ግን አደራ ጋሼ፣ በሩን አልፎ እንዳይወጣ። ጊዜው ሲደርስ ራሴ እናገራለሁ።»

ጋሼ መቀስ «እኔ ምን ወሬ አለኝ» አሉ። እውነት ነው፣ የላቸውም።

ሻዩን መልሼ ወሰድኩት። ለካ ጉልበቴን እያየ ኖሯል። ለካ ስወጣ ስገባ ይለካኛል። ይህን ሱቅ አባቴ ሲሞት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የተረከብኩት እኔ፣ እሱን ትምህርት ቤት የላክሁት እኔ፣ ለሙሽርነቱ ሱፉን የመረጥኩለት እኔ። እና አሁን መቆም አትችልም። ባይሆን ፊት ለፊት ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ከሌላ ቤት እንደመጣ ሰው «አደራ እንዳይወጣ»።

ከዚህ ሱቅ ሌላ ቤት የለኝም። ይህንንስ ያውቃል?

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። ወንበሩን ወደ ጓዳ አስገባሁት። ወንድሜ «እትዬ፣ ትንሽ ተቀመጪ እንጂ» ሲለኝ «ለምን? ማን ደከመ?» አልኩት። ግራ ገባው። ይግባው።

ዓርብ

መስኮቱ ተከፈተ። ካፖርቱና ሹራቡ ወርዶ አራቱ ቀሚሶች አሻንጉሊቶቹ ላይ ወጡ፤ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ መጨረሻ የተቆረጠው ባለ አበባው። ጀርባቸውን በስፒል ሰብስቤ ከፊት ሲታዩ ልክ እንዲሆኑ አደረግኳቸው። ሁሉም ሱቅ የሚያደርገው ነው። መንገዱ ላይ ፀሐይ ወጥቷል፣ ሴቱ መስታወቱ ፊት እየቆመ ያያል። ባለ ቁልፏ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተሻግራ መጣች። «እውነቱን ልናገር፣ አምሯል» አለች። ወንድሜ እንደ ልጅ ሳቀ። እኔም ለአንድ አፍታ የእሑዱን ረሳሁት። ደስ የሚል ቀን ነበር።

ማክሰኞ

ባንክ የምትሠራዋ ደንበኛችን አረንጓዴውን መለሰች። ወገቡን በሁለት እጇ ይዛ እየዘረጋች፣ «እትዬ፣ ይሄን ብቻዬን ነው የምለብሰው ወይስ ከእህቴ ጋር?» ትለኛለች። ተሳሳቅን። በሆዴ ግን አልሳቅሁም። ለብሳ አየኋት፤ ትከሻው ልክ፣ ደረቱ ልክ፣ ወገቡ ላይ ጨርቁ እንደ ባዶ ኬሻ ታጥፏል።

ሴቱ በብርዱ ወራት ከስቶ ይሆናል። ዛሬ የማይፆም፣ የማይሮጥ ሴት የለ።

ሐሙስ

ሌላ ሁለት። ሰማያዊው ደግሞ ከአረንጓዴው ይብሳል።

ጨርቁ ነው። አዲሱ አቅራቢ የላከው ጨርቅ ይለጠጣል።

ቅዳሜ

ጨርቁ አይለጠጥም። ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ በካውያ ተኩሼ፣ ጎትቼ አየሁት። ባለ አበባው ከሁሉም ይብሳል፤ እሱን የለበሰችው የአንዲት ነርስ ደንበኛችን ታናሽ እህት መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ዞር ዞር ብላ አየችና አውልቃ በትህትና አጥፋ ሰጠችኝ። በትህትና የሚመልሱት ናቸው ተመልሰው የማይመጡት።

ቢጫው ብቻ ነው ማንም ያልመለሰው። እንዴት ነው ነገሩ? ያው ሴት ናት የለበሰችው፣ ያው እጅ ነው የሰካው፣ ያው መቀስ ነው የቆረጠው። ጋሼ መቀስ አርጅተዋል ማለት ነው። ዛሬ ይህንኑ ነገርኳቸው፣ በለዘበ ቋንቋ አይደለም። «እርስዎ፣ ወረቀቱ ላይ ሲያወጡት ጣትዎ ይንቀጠቀጣል መሰል» አልኳቸው። መቀሱን ዘይት ቀቡት። ሰው እንዴት ስሙ ሲነሳ ዝም ይላል? እኔ ብሆን ጣሪያው ይነሳ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ

ዛሬ አንድ ነገር አየሁ።

ሙሽራ ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ልታወርድ መሰላሉ ላይ ወጣች። እጇን ስትዘረጋ ሸሚዟ ወደ ላይ ተሳበ። የጉርዷ ቁልፍ አልተቆለፈም። ከቁልፉ እስከ ቀዳዳው ላስቲክ አዙራ አስራዋለች፤ ላስቲኩ ከእኛው መሳቢያ ነው፣ ነጩ፣ ቀጭኑ። አንድ እጇ ጣቃውን ይዟል። ሌላው እጇ ሆዷ ሥር ነው፣ ከዚያ የሚወድቅ ነገር ያለ ይመስል ደግፋዋለች።

አፌ ተከፈተ። ምን ሊል እንደነበር አውቃለሁ፤ ባለ ቁልፏ እዚያ መንገድ ላይ ሆና የምትሰማው ነገር ሊል ነበር። ዘጋሁት። ምላሴን ነከስኩት፣ እውነቴን ነው፣ አሁንም ያመኛል። ከዚያ ሌላ ቃል ስላጣሁ፣ «ውረጂ ከዚያ! መደርደሪያዬን ማን ንኪ አለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ ወረደች። «ይቅርታ እትዬ።»

ምን እንዳየሁ ከዚህ በላይ አልጽፍም። አፌ ሲያመልጠኝ የኖርኩ ሰው እጄን በምን አምነዋለሁ።

ያው ማታ

እንቅልፍ የለም። መቆም የማትችለው እኔ አይደለሁም። ይህን ያህል ቀን በገዛ ወንድሜ ላይ ሆዴን አሻክሬ፣ ወንበር ደብቄ፣ ባበጠ ጉልበት ቆሜ! ያኔ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። ወንድሜ ያውቃል። ጋሼ መቀስ ያውቃሉ፤ ለዚያ ነው «በሜትር እንለካው» ያሉት፣ ለዚያ ነው ስሰድባቸው ዘይት የቀቡት። በዚህ ቤት ያልተነገረኝ እኔ ብቻ ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ወንድሜን በአንቀልባ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ፣ የልጁን ወሬ ከጉርድ ላስቲክ ነው የሰማሁት። ተናደድኩ። አለቀስኩም። ማንን እንደምቆጣ ግን አጣሁ፤ ብነግርሽ ታወሪያለሽ ቢለኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? የፍላኔሉን ሸሚዝ መስኮቱ ላይ የሰቀለው እጅ ይኸው ይህን የሚጽፈው ነው።

ደግሞም ያ ሁሉ ስፒል። ስንት ሰዓት አቁሜያታለሁ፣ «ቀጥ በይ» እያልኩ። ዓይኔ ዓይኔ ስል ጨርቁን እንጂ ጨርቁ ውስጥ ያለችውን ሴት አላየኋትም።

ሐሙስ

ሙሽራ ጣቃ እንዳታነሳ ማድረግ አለብኝ፣ ለምን እንደሆነ ሳልናገር። ስለዚህ ክፉ ሆንኩ። «እዚህ አትድረሺ፣ ታዘበራርቂብኛለሽ።» «ተቀመጪና ቁልፍ ልቀሚ፣ ለሌላው አትሆኚም።» ወንበሩን ከጓዳ አውጥቼ «የሚያደናቅፈኝ ሰው ከመሃል ይነሳልኝ» ብዬ እሷን እላዩ ላይ አስቀመጥኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወንድሜ አፍጥጦ እያየኝ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰው ደግ ሊሆን ሲል እንዲህ ያደርጋል?

ቅዳሜ

እንደ ሆነ ልጻፈው።

ሱቁ ሙሉ ነበር። ሦስት ሴቶች ቀሚስ ሊመልሱ ተሰልፈዋል። ባለ ቁልፏ ክር ልታሳይ የመጣች መስላ ገብታ ጥግ ይዛለች። ወንድሜ ከጓዳ ወጣ፤ የተመለሰውን ክምር አየ፤ ፊቱ ጠቆረ። ሁሉን ነገሩን በዚህ ፀደይ ላይ ነው የጣለው፣ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ይወጣዋል ብዬ አልጠበቅኩም።

«ጋሼ፣ ያረጀው መቀሱ ነው ወይስ እርስዎ?» አለ፣ በሰው ፊት።

ጋሼ መቀስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጠመኔ ዱቄት በመዳፋቸው ጠረጉ።

«እንደዚህ ከሆነ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ቆራጭ እፈልጋለሁ።»

እሳቸው መጥረጋቸውን አልተዉም። ሚስጥሩን በሰው ፊት ከማውጣት እንጀራቸውን ቢያጡ መረጡ። ወንድሜ እንደሆነ ወንድ ነው፤ የሚስቱ ወገብና የቀሚሱ ወገብ አንድ መሆኑን ማን አስታውሶት። ሙሽራን አየኋት። ከወንበሩ ተነስታለች። ከንፈሯ ነጥቷል። እሷ ገብቷታል። የዘረጋችውን እጇን ወደ ሆዷ ሰበሰበች፣ መለስ አደረገች፣ «ጥፋቱ እኮ...» አለች። የሱቁ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። የባለ ቁልፏ ዓይን መጀመሪያ ዞረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ዝግ ብሎ መናገር ድሮም አልተማርኩም። «ጋሼ በሜትር እንለካ ብለውኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ስፒሉን ያላላሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል። እሳቸው የሰጠኋቸውን ነው የቆረጡት።»

«አንቺ?» አለ ወንድሜ። «የአንቺ ዓይን?»

«የእኔ ዓይን። ምነው፣ የእኔ ዓይን አያረጅም?»

በአባቴ ሱቅ፣ በደንበኛ ፊት፣ ባለ ቁልፏ እየሰማች ይህን አልኩ። ውሸትም አይደለም፣ ግማሹ እውነት ነው፤ እሱ ነው ያቃጠለኝ። ወንድሜ ወደ ጓዳ ገባ። ሙሽራ ተቀመጠች። ጋሼ መቀስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፣ ረዘም አድርገው፣ ከዚያ ጠመኔያቸውን አነሱ።

ማንም አላመሰገነኝም። እንዴት ብለው ያመስግኑኝ፣ ማወቄን አያውቁ።

ሰኞ

«ዓይኗ ጠፋ አሉ፣ ምስኪን።» ወሬው ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ደርሷል። ዳቦ ሻጩ መልሱን መዳፌ ላይ አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ደሜ ፈላ። «ደህና ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

ወገብ እያጠበብኩ ነው። ሁሉንም፣ አንድ በአንድ፣ በእጄ። ቢጫውን በሜትር ለክቼ በእሱ ልክ። ጋሼ መቀስ ሳልጠይቃቸው አጠገቤ ተቀምጠው ስፌት ይፈታሉ። ሁለታችንም የምናውቀውን ሁለታችንም አንናገርም። ከተዋወቅን ጀምሮ እንዲህ ተግባብተን አናውቅም።

ረቡዕ

ሙሽራ አልወረደችም። «ጉንፋን ነው» አለ ወንድሜ። ፊቱ የጉንፋን ፊት አይደለም።

ሐሙስ

ዛሬም።

መጠየቅ አልችልም። ከጠየቅኩ ማወቄ ነው። ካወቅኩ ደግሞ ይሸበራሉ። የባለፈው ዓመቱም በዚሁ ጊዜ ገደማ ነበር። ሥራ ያዝኩ፣ ስፌቱን አጣመምኩት፣ ፈታሁት።

ዓርብ

አንዲት ሐኪም ቦርሳዋን ይዛ መጣች። ወደ ፎቅ ወጣች፣ ቆየች፣ ወረደች። ደጃፌ ላይ ቆሜ ነበር። ፊቷን ፈለግኩት፣ ምንም የለበትም። «ደህና ዋሉ» ብላኝ አለፈች። ሰው እንዴት እንዲህ የተዘጋ ፊት ይኖረዋል። አስተምረዋት መሆን አለበት።

ባለ ቁልፏ ሐኪሟ ጥግ ሳትዞር ተሻግራ ደረሰች።

«ሙሽራ የት ጠፋች ሰሞኑን? መቼም በደህናው ሐኪም አይጠራም...» ዓይኖቿ ያበራሉ። ባለፈው ዓመትም መጀመሪያ የነገርኩት ለእሷ ነበር፣ እዚሁ ቦታ ቆመን።

«የመጣችው ለእኔ ነው» አልኳት።

«ለአንቺ?»

«ለዓይኔ። አንቺው አይደለሽ ጠፋ ብለሽ ያወራሽው? ይኸው ልታይልኝ መጣች።»

«ውይ! ታዲያ ምን አለች?»

«ልትታወሪ ምንም አልቀረሽም አለች። ከእንግዲህ አንቺን የማውቅሽ በድምፅሽ ነው።»

አዘነችልኝ። ከልቧ ነው ያዘነችው፣ ክፉ ሴት አይደለችም፤ እኔም አልነበርኩም። ክንዴን ይዛ ደረጃውን አሻገረችኝ። በዓይኔ የሚኮራው ጉራዬ ሁሉ በዚያች ደረጃ ላይ ቀረ። ዝም አይነቅዝም ይል ነበር አባቴ፣ እኔን እያየ። ዝም ማለት ግን ይህን ያህል ወሬ መፍጠር እንደሚጠይቅ አልነገረኝም።

እሑድ

ከክፍሌ ሆኜ ጣሪያውን እሰማለሁ። የወንድሜ እርምጃ ብቻ። ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ። የእሷ የለም።

ባልሰካ ኖሮ። ባላቆማት ኖሮ። ባልጮህኩባት ኖሮ፣ መሰላሉ ላይ ደንግጣ ነበር። እየዞርኩ እዚያው ነኝ። ለማንም ሳልናገር መጨነቅ እንዲህ ይከብዳል? ይቺ ልጅ ይህን ያህል ወር ብቻዋን ተሸክማው ነበር፣ ከእኔው ፊት።

ሐሙስ

ቀሚሶቹ ተመልሰው መስኮቱ ላይ ናቸው። የባንኳ ሴት አረንጓዴውን ወሰደች፣ ሌላም አምስት ስድስት ሸጥን። ወንድሜ ይህን ስነግረው «ጥሩ» ብሎ ወደ ፎቅ ወጣ። ጋሼ መቀስን ግን አስቀድሞ ይቅርታ ጠይቋቸዋል፣ በሰው ፊት የሰደባቸውን በሰው ፊት። ልጄን በደንብ ነው ያሳደግኩት።

ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት ከጣሪያው በላይ ቀላል እርምጃ ሰማሁ። ጥቂት ነው፣ ከዚያ ቆመ። እጄ ላይ መርፌ ነበር፣ ወጋኝ።

ቅዳሜ

ወረደች።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል ነው። ሰፊ ሹራብ ደርባለች፣ ፊቷ ገርጥቷል፣ ዓይኗ ግን ደህና ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለት እግሯን እያሳረፈች ወረደች። ልደግፋት አልተነሳሁም፣ እጄን ከመቀመጫው ጋር አጣበቅኩት። ጋሼ መቀስ መጋረጃውን ስበው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

«ጉንፋኑ ተሻለሽ?» አልኳት።

«ተሻለኝ እትዬ።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እኔ ክር እጠቀልላለሁ፣ የተጠቀለለውን ክር። «ባለ ቁልፏ ትናንት ልትጠይቀኝ ፎቅ ድረስ መጥታ ነበር» አለች።

ክሩን አስቀመጥኩ። «ምን አለችሽ?»

«ስለ እርስዎ ነው የጠየቀችኝ። ሐኪሟ ለዓይንዎ መምጣቷን ነገረችኝ። ‹እውነት ምንም አታይም?› አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሜትር አየችው፣ ተነሳች፣ አውርዳ አመጣችው።

«ዓይናቸው ደህና ነው፣ ሁሉንም ያያሉ አልኳት» አለች። ሜትሩን እጄ ላይ አኖረችው። «እትዬ፣ ከቢጫው አንድ ቀሚስ ይቁረጡልኝ። ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ይተዉበት፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚለቀቅ። ቅጠል እስኪረግፍ የሚያደርሰኝ።»

የምለው መዓት ነበረኝ። ይቅርታው፣ ምክሩ፣ ምርቃቱ፣ ወቀሳው። አንዱም አልወጣም። «ሹራቡን አውልቂ» አልኳት ብቻ። አወለቀች፣ እጇን ግራና ቀኝ ዘረጋች፣ ጣሪያውን ሳይሆን እኔን እያየች። ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞርኩት፣ ሳላጠብቅ። ሳልቸኩል ቆጠርኩት።

በዚህ ሱቅ ውስጥ ሙሽራ በሜትር ስትለካ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቁጥሩን አልጽፈውም።